እናቴ በሰው ፊት የምትለኝ

እናቴ ነጭ ሽንኩርት ትነግዳለች። ደባርቅ ገበያ ውስጥ የእሷን መደብ ለማግኘት ዓይን አያስፈልግም፤ አፍንጫ ይበቃል። ሽታው ከእጇም ከነጠላዋም አይለቅም። እኔም ክፍል ውስጥ ከልብሴ የሚሸት እየመሰለኝ ከሰው ራቅ ብዬ፣ ግድግዳውን ተጠግቼ ነበር የምቀመጠው። ማንም ሸተትሽ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ግን ሊሉኝ ነው እያልኩ እጠብቅ ነበር።

መደቡ ላይ አብሬያት ስሆን ደንበኞቿ ያዩኝና ይጠይቋታል።

«ልጅሽ ናት? ኧረ አድጋ የለም እንዴ!»

«ምን አደገች ትያታለሽ፤ እንዲሁ ትረዝማለች እንጂ። ረዥም ሸንበቆ።»

«ትምህርቱስ?»

«ምን ትምህርት አላት! ደብተር ይዛ ትሄዳለች፣ ደብተር ይዛ ትመለሳለች። እጇ እንጨት፣ ጭንቅላቷ ድንጋይ። ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ? እንደዚያ ባለችበት ሰሞን ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። ካርዱን ሰጥቻታለሁ። ማንበብ ባትችልም ደረጃ የሚጻፍበትን ቦታ ታውቀዋለች፤ ጣቷን አሳርፋ ቁጥሩን አየችው፣ አየችኝ፣ ምንም ሳትል ሳጥን ከፍታ ከልብስ በታች ከተተችው። የሚያሳፍር ነገር የሚደበቅበት ቦታ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሰው አንድ ነገር ደጋግመው ሲሉት ያምናል። እኔም ድንጋይ ነኝ ብዬ አመንኩ። መምህር ሲጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ ነበር በሹክሹክታ የምነግራት። እሷ እጇን ታወጣለች፣ ይጨበጨብላታል፣ እኔም መልሴ ተጨበጨበለት ብዬ ደስ ይለኛል። ደስታዬን እንኳ በሰው እጅ ነበር የማወጣው። (ይቺን ዓረፍተ ነገር አሁን ስጽፋት ወደድኳት። እንዲህ የምል ሰው አልነበርኩም።)

አንድ ቀን ስልኬ ላይ «ራሴን እንዴት ልውደድ» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነበር። «አንተ አንበሳ ነህ! ተነሥ!» እያለ ይጮኻል። እኔ አንተም አንበሳም አይደለሁም፤ አለፍኩት። ቀጥሎ አንዱ ምክር እሰጣለሁ ይላል፤ ሰላም ብዬ ብጽፍለት ወዲያው መለሰና «መጀመሪያ ፎቶሽን ላኪ» አለኝ። ስልኩን ጥዬ ከቤት ወጣሁ። ተመልሼ እስክዘጋው ድረስ ሰውዬው ራሱ ቤት ውስጥ ቁጭ ያለ ነበር የሚመስለኝ።

በመጨረሻ የባዮሎጂ መምህርታችንን ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ አንዲት ጓደኛ አለችኝ… ራሷን በጣም ዝቅ አድርጋ የምታይ። ኦንላይን የሚያማክር ሰው ይገኛል ወይ ብላኝ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጓደኛሽ ረዥም ናት?»

ለማጠር ብዬ ጉልበቴን አጠፍ አደረግኩ።

«በይ፣ ለጓደኛሽ ይሄን ስጫት» አለችና አንድ ግሩፕ ላከችልኝ። የሥነ ልቦና ትምህርት የጨረሱ ሰዎች ትርፍ ጊዜያቸውን ሰውተው ተማሪዎችን በነፃ የሚያማክሩበት ነው። ከመካከላቸው አንዷን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እንደምታውቃት ነገረችኝ። ለዚያች ጻፍኩ። መልሷ በማግስቱ መጣ፤ ደስ የሚል ሰላምታ ነበር፣ ከሥሩ ግን አንድ ነገር አለ። ዕድሜሽ ገና ስለሆነ ከቤተሰብሽ አንድ አዋቂ ሰው ማወቅና መፍቀድ አለበት ይላል።

አንድ አዋቂ ሰው ማለት ለማንም ልጅ እናት ማለት ነው። እኔ ግን አክስቴን መረጥኩ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ዳባት ነው የምትኖረው። እናቴ ከምትገዛው ሽንኩርት የተወሰነውን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይዤላት እሄዳለሁ፤ እሷ ዳባት ገበያ ትሸጠዋለች። ቤቷ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ኔትወርኩ ከእኛ ሠፈር ይሻላል፤ በመጋረጃ የተከፈለች ጓዳም አለቻት። ለዚህ ነገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

«የአእምሮ ሐኪም?» አለች አክስቴ ስነግራት። «አበድሽ እንዴ አንቺ?»

«አላበድኩም እትዬ። እንዳላብድ ነው።»

«ወንድ ነው?»

«ሴት ናት።»

«ብር ትጠይቅሻለች?»

«በነፃ ነው።»

«በነፃ የሚሆን ነገር አልወድም» አለች። ግን እኔን ትወዳለች፤ ስልኩን ተቀብላ ለባለሙያዋ በድምፅ «እኔ አክስቷ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ፣ ልጄን አደራ» ብላ ላከችላት።

«እማዬ እንዳትሰማ ደግሞ» አልኳት።

«ምነው?»

«እንዲሁ።»

አክስቴ አየችኝ፤ ቆይታ «የእኔና የእህቴን ነገር አታበላሺብኝ» አለች። ያኔ ነበር መመለስ የነበረብኝ።

በመጀመሪያው ቀን ነጠላዬን ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ አድርጌ ለበስኩ። ስልኩን ሽንኩርት ጆንያው ላይ አስደግፌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ብቅ አሉ፤ ከጠበቅኋቸው በላይ ወጣት ናቸው፣ የአዲስ አበባ ፈጣን አማርኛ የሚያወሩ። «አንቺ በይኝ» አሉኝ። እንዴት ብዬ! ሳላስበው «እርስዎ» እያልኩ ቀጠልኩ።

«እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በጾም ብስኩት መብላቴን ነገርኳቸው። ያቺ መልሴን የምትመልሰው ልጅ ጫማ ስትቀይር መቅናቴን ነገርኳቸው። ለእናቴ መዋሸቴን፣ ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን፣ አንድም ሳላስቀር። ስጨርስ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እሳቸውም ጠበቁ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አሉኝ።

«ቀኖናዬን።»

«ምንሽን?»

«ስግደትም ቢሆን፣ ጾምም ቢሆን… የሚያዙኝን።»

ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ደነገጡና ይቅርታ ጠየቁኝ። «እኔ እኮ ቄስ አይደለሁም፣ የኔ እህት።»

«አውቃለሁ። ግን ይሄን ሁሉ ካወራሁ በኋላ ሳይታዘዝልኝ እንዴት ልነሣ?»

ትንሽ አሰቡ። «ኃጢአትሽን ለነፍስ አባትሽ ተይላቸው» አሉኝ። «ለእኔ የሚያምሽን ንገሪኝ።»

ምንሽን ያምሻል ብሎኝ የሚያውቀው የጤና ጣቢያው ሐኪም ብቻ ነው፤ እሱም ሆዴን እየተጫነ።

የቤት ሥራ ሰጡኝ። በየቀኑ ጥሩ አድርጌ የሠራሁትን አንድ ነገር እንድጽፍላቸው ነው። «ዛሬ ምንም አላጠፋሁም» ብዬ ላክሁ። «ይሄ ያላደረግሽው ነው፤ ያደረግሽውን ጻፊልኝ» ብለው መለሱ። ራስን ማመስገን እኛ ጋ ትዕቢት ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዙሪያውን መሄድ ጀመርኩ። ስለ ራሴ ላለመጻፍ ስለ ሌላው ጻፍኩ፦ ጭጋጉ ከሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ገበያውን ሲውጠው፣ በቅሎ ጫኞቹ ፈረንጅ እየጠበቁ ሲቀላለዱ፣ በረዶ የገብሱን ማሳ ሲመታው የሽማግሌዎቹ ፊት እንዴት እንደሚሆን። ኔትወርኩ ለቪዲዮ እምቢ ሲል ጽሑፍ ያልፋል፤ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ካለው ጉብታ ወጥቼ ስልኬን ሽቅብ አንሥቼ እልክላቸዋለሁ።

አንድ ቀን እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛው ጊዜ ለሥራ ሳይሆን ለደስታዬ ነው።»

ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ! ከባሕር ዛፎቹ መካከል ብቻዬን ሮጥኩ፣ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ተነሥቼ ደግሞ ሮጥኩ። መጻፍ እችላለሁ። ድንጋይ አይጽፍም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ፈቀቅ ብዬ መቀመጥ ጀመርኩ፤ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ መለስኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ እንጂ መልሱ ልክ ነበር።

እንግዲህ የሚያሳፍረኝ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩ ሰሞን፣ ስለ እናቴ ጻፍኩ።

«እናቴ ትንቀኛለች» ብዬ ጀመርኩ። ሸንበቆውን ጻፍኩ፣ እንጨቱን ጻፍኩ፣ ድንጋዩን ጻፍኩ። ካርዴን ከልብስ በታች መቅበሯን ጻፍኩ፤ «መክተቷን» ብዬ ነበር፣ «መቅበሯን» ሲባል ይበልጥ ስላማረኝ ቀየርኩት። የሴቶቹን ሳቅ ከነበረው አስረዘምኩት። ማታ ማታ ጋቢዋን በእኔ ብርድ ልብስ ላይ ደርባ እሷ በነጠላ እንደምትተኛ አልጻፍኩም፤ ጽሑፉን ያበላሽብኛል። እናቴ ከእውነቷ ይልቅ ክፉ ሆና ወጣች፣ ጽሑፉ ግን አምሮልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ረክቼ፣ ላክሁት።

ቤት ስገባ እናቴ ረመጥ ውስጥ ድንች ቀብራ እየጠበቀችኝ ነበር። አወጣችና አመዱን አራገፈች፣ ላጠች፣ እፍ እፍ አለችበት። ጣቶቿ ትኩሱን አይፈሩም።

«ፊትሽ ጠቁሯል። ብርድ መታሽ?»

«አይ።»

«ብዪ ሳይበርድ።»

በላሁ። ይህን የመሰለ እጅ ለማታውቀው ሰው አሳልፌ መስጠቴ ያኔ ነው የገባኝ። የቤት ገመና ከደጃፍ አይወጣም፤ እኔ አዲስ አበባ ድረስ ላክሁት፣ ያውም አሳምሬ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለሙያዋ ጽሑፌን አላመሰገኑትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ብቻችሁን ስትሆኑስ እንደዚህ ትልሻለች?»

«እንዴት ማለት?»

«ሰው በሌለበት። አንቺና እሷ ብቻ ስትሆኑ ድንጋይ ብላሽ ታውቃለች?»

አሰብኩ። በእሳት ዳር፣ ሽንኩርት ስንለቅም፣ ከወንዝ ውኃ ቀድተን ስንመለስ። አንድም ጊዜ ማግኘት አልቻልኩም። በዝምታ ነው የምንኖረው፤ ክፉ ቃል ግን አልነበረበትም።

«አላውቅም» አልኩ። ዋሸሁ።

«እሺ፣ ጥያቄው ይቆይ። ያመመሽ ግን አሞሻል። ለእሷ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ? እስኪ እዚህ ሞክሪው።»

«እማዬ፣ በሰው ፊት ስታንቋሽሺኝ ያመኛል።»

«ከአንገትሽ ቀና በይና።»

«እማዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «በሰው ፊት ስታንቋሽሺኝ ያመኛል!»

መጋረጃው ተገለጠ። አክስቴ ሰፌድ እንደያዘች ቆማለች፤ ምስሩ ከሰፌዱ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

«ማን ናት የምታንቋሽሽሽ? እህቴ ናት?»

ስልኩን ዘጋሁት። በኋላ ኔትወርክ ነው ብዬ ጻፍኩላቸው። አክስቴ ሰፌዱን አስቀምጣ አልጋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከአንቺ በፊት ልጅ እንደነበረቻት ታውቂያለሽ» አለች።

«አውቃለሁ። ሞታለች።» ከዚያ በላይ እኛ ቤት ስለዚያች ልጅ ተወርቶ አያውቅም።

«እናትሽ ያኔ እንዳሁኗ እንዳይመስልሽ። ወሬኛ፣ ሳቂታ፣ ጉረኛ ነበረች። ልጅቱን አዝላ ገበያ ትወጣና ‹እዩልኝ!› ትላለች። ጸጉሯን እዩልኝ፣ ጥርሷን እዩልኝ። ገና ድክ ድክ ሳትል ‹እማ› ያለች ቀን ሠፈሩን ሰብስባ አሰምታለች። አንድ ቀን አንዲት ሴት ቆም ብላ ‹ስታምር! ዓይኗስ!› አለችና ሄደች። ከዓይን ያውጣት አላለችም። ሳምንት አልቆየችም ልጅቱ። ትኩሳት።»

«እትዬ፣ ትኩሳት እኮ በሽታ ነው፤ ዓይን አይደ…»

«አውቃለሁ በሽታ እንደሆነ!» ጮኸችብኝ። «ባዮሎጂ የተማርሽ አንቺ ነሽ። እኔ ያየሁት እህቴ ደረቷን ስትደቃ ነው። ‹እዩልኝ ያልኩ እኔ፣ እዩልኝ ያልኩ እኔ› እያለች። አንቺ ስትወለጂ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል የመጣውን ሁሉ ‹ኧረ ምኑን ታያላችሁ፣ ጦጣ ነው የወለድኩ› ትል ነበር። ፊትሽን ሸፍና ስትስምሽ ግን ደርሼባታለሁ። ለምን የምታንቋሽሽሽ ይመስልሻል? እንዳትሞቺባት ነዋ፣ አንቺ ቂል!»

ወደ ደባርቅ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስልኬን ከፍቼ ጽሑፌን ላጠፋው ፈለግኩ። ብታጠፊው ምን ዋጋ አለው፣ አንብበውታል አልኩ ለራሴ። «መቅበሯን» የሚለው ቃል ላይ ዓይኔ ቆመ። ልጅ የቀበረች እናት ላይ ያንን ቃል ነበር የመረጥኩት፣ ስለሚያምር።

እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ መጀመሪያ ዝም ብላ አየችኝ፤ ቀጥላ ግንባሬን ዳሰሰች፤ በኋላ ጎረቤቶቹን እየቆጠረች በሆዷ መጠርጠር ጀመረች።

«ሰው አይቶሻል» አለች በመጨረሻ። «ፀበል እንሄዳለን።»

«ነገ ገበያ ነው እኮ።»

«ይቅር ገበያው።»

እናቴ በገበያ ቀን መደቧን የማትዘረጋው ለሞትና ለታቦት ብቻ ነው። የእኔ ሐሰት ገበያዋን ሊያስቀር ነው። በር ላይ ተቀምጠን የሽንኩርት ጉንጉን እያሰርን ነበር፤ ፀሐይ ነበር፤ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ማንም አላየኝም። ዳባት ስሄድ በስልክ የማወራት ሴት አለች። ባለሙያ ናት። ስለ ጭንቀቴ ነው የምናወራው።»

«ምን ጭንቀት አለብሽ?»

«እማዬ ትንቀኛለች አልኳት።»

እጇ ቆመ። ገለባው ከጣቶቿ ላይ እየበነነ ሄደ።

«እትዬ ደግሞ ነገረችኝ። ስለ… ለምን እንደሆነ። አላውቅም ነበር።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያሰረችውን ጉንጉን ፈታችና እንደገና ከመጀመሪያው ማሰር ጀመረች።

«ያቺ እህቴ አፏ አያርፍ» አለች። ከብዙ በኋላ ደግሞ፦ «አሁን ያቺ ሴት እኔን የምታውቀኝ ልጇን እንደምትጠላ እናት ነው?»

«…አዎ።»

«እስከ ዛሬ ድረስ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አገናኚኝ።»

ቅዳሜ ሁለታችንም ዳባት ሄድን። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች። በአክስቴ ጓዳ ስልኩን አዘጋጅቼ ስወጣ እናቴን ደጅ ላይ እጇን በሎሚ ስታሽ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ሽታ እኮ በስልክ አይሄድም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችና ማሸቷን ቀጠለች።

ባለሙያዋ እናቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እንደምን ዋሉ እናቴ! እንዴት ደስ አለኝ! ልጅዎ እኮ በጣም ጎበዝ ናት! አጻጻፏን ቢያዩ…»

እናቴ ስልኩን አፈፍ አድርጋ አልጋው ላይ በአፍ ጢሙ ደፋችው። ወደ እኔ ዞራ እንትፍ እንትፍ አለችብኝ።

«በይ በያት!»

«ምን ልበላቸው?»

«ከዓይን ያውጣት በይ በያት! ቶሎ!»

ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ሄሎ? ጨለመብኝ፣ ሄሎ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋን ይዛ ትታነቃለች። ስልኩን አነሣሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እባክዎ… ከዓይን ያውጣት ይበሉልኝ።»

ከዚያ ቀስ ብለው «ከዓይን ያውጣት» አሉ። «ከዓይን ያውጣት፣ እናቴ። አጠፋሁ።»

እናቴ ተነፈሰች። «ኧረ እሷም ምኗም አይ…» ብላ ጀመረች እንደ ልማዷ፤ መሃል ላይ አየችኝና ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለቻቸው። «ልጄን አልንቃትም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። አንቺ የምታውቂው እሷ የጻፈችልሽን ነው።»

መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለሙያዋ አልተቀየሟትም። እኔ መታመሜም እሷ ስትጠብቀኝ መኖሯም ሁለቱም እውነት መሆኑን ነገሯት፤ አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም አሉ። ቀጥለው «አንድ ነገር ልለምንዎት?» አሏት። «ያመስግኗት አልልዎትም። ክፉውን ብቻ ይተዉላት። ዝም ማለት ይበቃል።»

እናቴ አልመለሰችም። ስክሪኑን እያየች፣ ዝም ማለትን እየለመደች መሰለኝ። ከዚያ ኔትወርኩ እውነትም ተቆረጠ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሙሉ ነበር። አጠገባችን የተቀመጠች ዶሮ የያዘች ሴት ወደ እኔ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«ልጅሽ ናት?»

«አዎ» አለች እናቴ።

«ቁመናዋ ሲያምር! የተማረች ትመስላለች።» ሴትዮዋ ይኸው ነው ያለች፤ ሌላ የጨመረችው የለም።

የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ። ሸንበቆው፣ እንጨቱ፣ ድንጋዩ። የእናቴ አፍ ሲከፈት አየሁ።

«ልጄ ናት» አለች። ከዚያ ዘጋችው።

ዕድሜዬን ሙሉ ያን የመሰለ ጣፋጭ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በነጠላዋ ሥር ግን እጄን ይዛው ነበር። ደባርቅ እስክንገባ አልለቀቀችውም፤ ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገብቷል። እኔ ደስ ሲለኝ እሷ ትፈራ ነበር። ጋሻዋን ነው የቀማኋት፤ ባዶ እጇን ከዓለሙ ፊት ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ ላምር ብዬ።

እንዳለመታደል ሆኖ በዚያው ሰሞን ጉንፋን ያዘኝ። ደባርቅ ውስጥ ጉንፋን ያልያዘው ሰው ማን አለ? ቢሆንም ሳል ሲመጣብኝ ወደ ጓሮ ወጥቼ፣ ሻርፔን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ነበር የምስለው። አንድ ጠዋት ግን አልጋ ላይ እንዳለሁ አመለጠኝ። እናቴ መጥታ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። ብዙ ቆየች።

«ጉንፋን ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር።

«ጉንፋን ነው እማዬ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከደጅ ጎረቤታችን ለወጥ የሚሆን ሳማ ልትለምን ስትመጣ ድምጿ ይሰማል። እናቴ ወደ በሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እስኪሻልሽ ድረስ ብቻ… እንደ ድሮው ልበል?»

«በሰው ፊት ስታንቋሽሺኝ ያመኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዳባት ላይ ቀና ብዬ ስለማመደው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሊጠቅመኝ የሚገባው አሁን ነበር። ዓይኗን አየሁት።

«በይ፣ እማዬ» አልኳት።

ተነሥታ ወጣች። «ኧረ ተያት ይቺን ሰነፍ!» ስትል ሰማኋት በር ላይ። «ትምህርት ጠልታ ነው እንጂ ምን አላት! ጭንቅላቷ ድንጋይ፣ ሕመም ራሱ አይዘልቃትም!» ድምጿ ሲሞቅ፣ ሲፈታ፣ ትንፋሿ ሲመለስ ይሰማኛል። ጎረቤቷ ሳቀች። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነበርኩ።

ሌላውን ሁሉ ለባለሙያዋ ጽፌ ልኬያለሁ፤ ያልላክሁላቸው ይቺን የመጨረሻዋን ጠዋት ብቻ ነው። ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብለው ነው የሚጠይቁኝ፦ አመመሽ? ትንሽ አሞኛል። ግን በይ ያልኳት እኔ ነኝ።